ስኳር የማይገባበት ቤት

ትሁት ቴምር ስትወቅጥ የሰማት ሰው፣ ሙቀጫው ውስጥ ያለው የአንድ ሰው ጭንቅላት ነው ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም ነበር። በሬሕማ ግቢ ጥግ ያለችው ወጥ ቤት ገና በጠዋቱ ግላለች። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል። ትሪ ላይ የተሰጣው የተቆላ ሰሊጥ ሽታ ሌላ ጊዜ ደስ ይላት ነበር፤ ዛሬ አናቷ ላይ ወጥቶባታል።

"ቴምሩ ምን አደረገህ?" አለቻት ሬሕማ በሩን ተደግፋ።

ሬሕማ የግቢው ባለቤት ናት፤ ባሏ የሞተባት ወፍራም፣ ሳቂታ ሱዳናዊት። አማርኛዋን ከተከራዮቿ አፍ የለቀመችው ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ትላለች።

"ፍሬው አልወጣ ብሎኝ ነው።"

"ፍሬውን እኔ ራሴ ትናንት አወጣሁ። አንተ የምትወቅጠው ዓለምነህን ነው።"

ትሁት ዘነዘናውን አቆመች። "ስሙን አትጥሪብኝ።"

"ጠይብ፣ እሺ፣ አልጠራም። ያ ረጅሙ፣ ሰሊጥ የሚቆላው፣ ሲስቅ ጥርሱ የሚያምረው። እሱን ነው የምትወቅጠው።"

ዓለምነህ ከዓርብ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ስልኩ ዝግ ነው። ትሁት የላከችለት የመጀመሪያው መልእክት "አሞሃል እንዴ?" የሚል ነበር፤ የመጨረሻው "ቢያንስ የወጥ ቤቱን ቁልፍ መልስ" ይላል። ሁለቱም አልተነበቡም። ራመዳን ደጅ ላይ ደርሷል፤ ሀብታም ሰፈር የሆነው የአል-ጣኢፍ እመቤቶች ለኢፍጣር ያዘዙት የቴምር ጥቅልል ገና አልተጀመረም፤ እሷ ግን የምትቆጥረው የጎደለውን ትዕዛዝ ሳይሆን የጎደለውን ሰው ነው። ይህም ራሱ ያናድዳታል።

የምግብ ሳይንስ የተማረችው ማሌዥያ ነው። እዚያው ልትቀር ነበር። አባቷ አቶ ሰይፈሚካኤል በስኳር በሽታ የእግር ጣታቸው የተቆረጠ ጊዜ ግን ወደ ካርቱም፣ ተወልዳ ወዳደገችበት የስደት ቤት ተመለሰች። መመለሷ ልክ ይሁን ስህተት እስከ ዛሬ አልለየላትም። እንደገባች መጀመሪያ ያደረገችው የስኳሩን ጣሳ አውጥታ ለሬሕማ መስጠት ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የሚጣፍጥ ነገር ማለት ቴምር ሆነ፤ ቴምር በሰሊጥ፣ ቴምር በኦቾሎኒ፣ ቴምር በጎንጎሌስ ዱቄት። ጎንጎሌስ የባኦባብ ፍሬ ነው፤ ኮምጠጥ ይልና የቴምሩን ጥፍጥና ይሰብረዋል። ለአባቷ ቴምሩንም በልክ ነው የምትሰጠው።

የመጀመሪያ ደንበኞቿ ግን የአል-ጣኢፍ እመቤቶች አልነበሩም፤ ወደ ሊቢያ የሚሻገሩ ያገሯ ልጆች እንጂ። በሶ በተፈጨ ቴምር ለውሳ የምትጨብጠው ጭብጦ በረሃ ላይ አይበላሽም፣ ከሱቅ ብስኩት ይልቅ ጉልበት ይሰጣል ተብሎ ተወራ። ዓለምነህም የመጣው ስንቅ ሊገዛ ነበር። ገዝቶ ሄደ። በማግስቱ መኪናው ዘገየ ብሎ ተመለሰ፤ ስንቁን በልቶ ጨርሶታል። ሌላ ገዛ፤ ያንንም በላው። "አንተ ልጅ፣ በረሃውን እዚሁ ግቢ ውስጥ ልታቋርጠው ነው እንዴ?" ብላ ስትስቅበት የሰሊጡን መጥበሻ ከእጇ ተቀበላትና መቁላት ጀመረ። መኪናው ሄደ፤ እሱ ቀረ።

ከዚያ በኋላ በመካከላቸው በአፍ የተባለው ነገር ጥቂት ነው። ከየቀኑ ሥራ የመጀመሪያዋን ጥቅልል የሚቀምሰው ሁልጊዜ እሱ ነው። እያኘከ ዓይኑን ከዓይኗ አይነቅልም። "ምን ጎደለው?" ትለዋለች። "ምንም" ይላታል። ያ "ምንም" ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ውስጥ ይቀራል።

ዓርብ ዕለት ደግሞ ሌላ የሚያናድድ ነገር ደርሶ ነበር። ሻንጣ ነጋዴው ጋሽ ሰብስቤ ከአንድ ጓደኛቸው ጋር አባቷ ዘንድ መጡ፤ በዚያ ሙቀት ነጠላ አጣፍተው። የአባቷ እንግዶች ከፈረሰ ብዙ ዘመን ስለሆነው ድርጅት የሚነታረኩ ሽማግሎች ናቸውና እነዚህንም ከእነዚያው ቆጠረቻቸው። ዝንጅብልና ቀረፋ ያለው ሻይ አፈላች፤ ከሁሉ የተዋበውን ሳህን ሞልታ ይዛ ገባች። ማንም አልነካውም።

"ሱከር የለም እንዴ፣ ልጄ?" አሉ ጋሽ ሰብስቤ ሻዩን አንዴ ፉት ብለው።

"እዚህ ቤት ስኳር አይገባም፣ ጋሼ።"

"ለእንግዳም?"

"ለማንም ብዬ አላስገባም።"

ሰዎቹ ተያዩ። ሳህኑ እንደ ሞላ ነው። ምግቧን የናቁባት መሰላት። ከየትኛውም ፈተና ይልቅ የደከመችበት ሥራ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ግን ከረሜላ እንደተከለከለ ሕፃን ፊታቸውን አጥቁረው ተቀምጠዋል። "የማትበሉት ከሆነ ልመልሰው" አለችና ሳህኑን አንስታ ወጣች። ይህን ለዓለምነህ ነግራው አብረው ሊስቁበት አስባ ነበር። ዓለምነህ ግን አልመጣም።

"ሂድና ፈልገው" አለቻት ሬሕማ። "ወንድ ልጅ በስልክ አይገኝም።"

ትሁት እጇን ታጠበች። የምትሄደው ቁልፉን ለመቀበል ብቻ እንደሆነ ለራሷ ነገረች፤ ራሷም አላመነችም።

ዓለምነህ የሚያድረው ጋሽ ሰብስቤ ግቢ ነው። እሳቸውን የምታገኛቸው ሱቅ ዐረቢ ገበያ፣ ሻንጣ ከሚሸጡበት ሱቅ ነበር። ሰልፍ አለ ስለተባለ ገበያው በሩን እየዘጋ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ወደ አውቶቡሱ ይሮጣል። ጋሽ ሰብስቤ ደጅ የተደረደሩትን ሻንጣዎች ወደ ውስጥ ያስገባሉ።

"እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ።"

"አልሐምዱሊላህ።" ቀና ብለው አላዩዋትም።

"ዓለምነህን ፈልጌ ነው።"

"ላንቺ ምንሽ ነው?"

ጥያቄው ሳታስበው መጣባት። "ሠራተኛዬ ነው" አለች፤ እንዳለችውም ፊቷ ጋለ።

"እህ።" ጋሽ ሰብስቤ አንዱን ሻንጣ በሌላው ላይ ጣሉት። "ሠራተኛዋ። ይኸው፣ ነገሩ አለቀ። ስሚ ልጄ፣ ይህ ፀጉር የሸበተው እዚህ አገር ነው። ስንት ልጅ አባት የለውም፣ ዘመድ የለውም እያልኩ አባት ሆኜ ለምኜለታለሁ። እምቢ ተብዬም አውቃለሁ፤ ግን በደንቡ ነው። ሻዩን እንደ ማር አጣፍጠው አጠጥተው፣ ልጅቷ ገና ናት ይሉኛል። ሻይ ሳዳ አቅርባ፣ ለማንም ብዬ አላስገባም ብላ፣ ሳህን ያነሳችብኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ወላሂ አንቺ ብቻ።"

"ምን ልትለምኑ ነው የመጣችሁት?"

ሰውየው አሁን ቀና አሉ። "አንቺን ነዋ።"

አንድ የአውቶቡስ ረዳት "ባሕሪ፣ ባሕሪ፣ ባሕሪ" እያለ በአጠገባቸው አለፈ።

"ማን ላካችሁ?"

"ሠራተኛሽ።"

ትሁት አንዱ ሻንጣ ላይ ተቀመጠች። "ታዲያ ሳህኑን ለምን አልነካችሁም?"

"ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ እህል ይቀምሳል እንዴ? ምን ዓይነት አገር ነው ያደግሽው?"

"እዚሁ። ካርቱም ነው የተወለድኩት።"

"እሱ ነው ችግሩ" አሉ ጋሽ ሰብስቤ፤ ድምፃቸው ግን ትንሽ ረገበ። "አላወቅሽም ነበር?"

"ማን ነግሮኝ? አባቴ ምን አላችሁ?"

"'ልጄን ልጠይቅና እመልሳለሁ' አሉ። በደንብ ነው የተቀበሉን። ይህን ብለው ሳይጨርሱ አንቺ ገባሽ፤ አንቺው መለስሽ።"

"አባቴስ፣ እኔ ሳህኑን ሳነሳ ምን አለ?"

"ምንም። መሬት መሬቱን አዩ።"

የትሁት ንዴት እስካሁን አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚይዘው። አሁን ሰፋ፤ ሁለት ሰው፣ ሦስት ሰው፣ ራሷንም ያዘ።

"ልጁ ሱቅ ሊቢያ ገበያ ነው፣ ኦምዱርማን" አሉ ጋሽ ሰብስቤ የሱቁን በር እየሳቡ። "መኪናቸው ከዐስር ሶላት በኋላ ይነሳል። ተው ብዬው ነበር። ይህን የሚያህል ልጅ በረሃ ሲበላው ማየት ሰልችቶኛል። ብቻ ድልድዩን ዘግተውታል፣ እንዴት ትደርሺያለሽ?"

"ጋሼ፣ ስለ ሻዩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን እኔም ተቀይሜአለሁ።"

"በምኑ?"

"ሦስት ወንዶች ስለ እኔ ስታወሩ፣ ወጥ ቤቱ ድረስ መጥቶ 'ታውቂያለሽ ወይ?' ያለኝ አንድ ሰው የለም።"

ጋሽ ሰብስቤ የበሩን ቁልፍ በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ። "ያላ፣ አምጃድ ታክሲ ያዢ" አሏት።

የአምጃዱ ሾፌር ወደ ኦምዱርማን ሲባል ሳቀ። የቅርቡን ድልድይ በኮንቴይነር ዘግተውታል፤ በባሕሪ ዞሮ፣ በሐልፋያ ድልድይ መሻገር ነበረበት። መንገዱ ላይ መኪና በመኪና ላይ ተደርቧል። ከሩቅ የጭስ ቦምብ ይተኮሳል፤ ዓይኗን ቆጠቆጣት። ቢያለቅሱም በጭሱ ማመካኘት ይቻላል ብላ አሰበች፤ አላለቀሰችም። ስልኳን አወጣች።

"አባዬ፣ ዓርብ ዕለት የመጡት ሰዎች ምን ፈልገው ነበር?"

"ማን ነገረሽ?"

"አንተ አይደለህም የነገርከኝ።"

"የት ነሽ? ጫጫታ ይሰማኛል። ዛሬ ሰልፍ አለ እኮ፣ ትሁት።"

"መልስልኝ።"

"ልጁ መንገደኛ ነው። ዛሬ እዚህ፣ ነገ ትሪፖሊ። እኔ መንገደኛ አውቃለሁ፤ ራሴም ነኝ። ጥቂት ቀን ዝም ብንለው ይቆያል ወይስ ይሄዳል፣ እሱን ልይ ብዬ ነው።"

"ሄደ።"

"እንግዲያው አየነው።"

"ምን አየነው? እኔ ምንም ሳላውቅ ሳህኑን ሳነሳ ቁጭ ብለህ ተመለከትኸኝ። እምቢ ማለት ከፈለግህ በራስህ አፍ አትልም ነበር? በእኔ አፍ ነው እምቢ ያልከው።"

"ይህን ያህል ያስተማርኩሽ ሰሊጥ ለሚቆላ ልጅ ነው?"

"ሰሊጥ የምቆላው እኔም ነኝ፣ አባዬ።"

የአቶ ሰይፈሚካኤል ትንፋሽ ተሰማት። መምህር ነበሩ፤ ድምፃቸው ክፍል ሙሉ ተማሪ ጸጥ የሚያሰኝ ነበር። አሁን ግን ስልኩ ውስጥ በጣም ትንሽ ሆነ። "አንቺም ከሄድሽ፣ ይህን ቤት…" አሉና አልጨረሱትም።

ልታዝንላቸው ይገባ ነበር። ነገ ታዝን ይሆናል። ዛሬ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በአባቷ ላይ ስልክ ዘጋች።

ሱቅ ሊቢያ ስትደርስ የዐስር ሶላት አልቆ ሰዉ ከመስጊዱ እየወጣ ነበር። መኪናዋ ጀርባዋ ክፍት የሆነ ቶዮታ ናት። ዙሪያዋን በጆንያ የተጠቀለሉ የውሃ ጄሪካኖች ተንጠልጥለውባታል። ወጣቶቹ ፊታቸውን በሻሽ ሸፋፍነው፣ ዓይናቸው ብቻ ቀርቶ ተቀምጠዋል። ትሁት ከእነዚያ ዓይኖች መካከል የፈለገችውን ለመለየት አፍታ አልፈጀባትም። ጎማው አጠገብ ቆሞ ጄሪካን ያስራል። አያት። እጁ ገመዱ ላይ ቆመ።

"ምን ልታደርጊ መጣሽ?" አለ ሻሹን ከአፉ ዝቅ አድርጎ።

"ቁልፌን ልወስድ።"

ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ይሰጠኛል ብላ አልጠበቀችም ነበር። ብረቱ በገላው ሙቀት ሞቋል፤ መዳፏ ውስጥ ጨበጠችው።

"ሌላስ?"

"ሌላማ፣ አንተ ጅል ነህ።"

መኪናው ላይ ያሉት ሳቁ። "ዓለምነህ፣ ይህች ደግሞ ሚስትህ ናት?" አለ አንዱ።

"እምቢ ያለችኝ ናት" አለ ዓለምነህ።

"ማን ነው እምቢ ያለህ? ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

"አባትሽን አስጠየቅሁ።"

"አባቴን ልታገባ ነው?"

ሳቁ እንደገና ተነሳ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ፊቱ ከስቷል። "ያቺ የአል-ጣኢፍ ሴትዮ መጥታ 'ይሄ ማነው?' ያለችሽ ቀን ምን አልሻት? ሐበሺ ልጅ ነው፣ ያግዘኛል አልሽ። ከዚያ በረዶ እንዳመጣ ላክሽኝ። ዐረብኛው የማይገባኝ መስሎሽ ነበር?"

ትሁት ልትክድ አፏን ከፈተች። ተወችው። "ዛሬም ሠራተኛዬ ነው ብያለሁ፤ ለጋሽ ሰብስቤ።"

"ይኸው።"

"ታዲያ ምን ልበል? ስም ሰጥተኸው ታውቃለህ? ይህን ሁሉ ወር ዓይን ዓይኔን እያየህ ቀመስህ። 'ምን ጎደለው?' ስልህ 'ምንም' ትላለህ። ሰው ሲጠይቀኝ ምን ብዬ ልንገረው? ምንም ነው ልበል?"

"በምን አፌ ልጠይቅሽ?" ድምፁ ድንገት ከፍ አለ። "ኢቃማ የለኝ፣ የመኖሪያ ወረቀት የለኝ። ፖሊስ ሊያፍስ ከሻ ወጣ በተባለ ቁጥር ሬሕማ አልጋ ሥር የምገባ ሰው ነኝ። አንቺ ባሕር ተሻግረሽ ተምረሽ የመጣሽ ልጅ ነሽ። እኔ አፍ ስላልነበረኝ አፍ ያላቸውን ላክሁ።"

"አፍ ስትፈልግ፣ እኔ ጆሮ እንዳለኝ ረሳህ።"

መኪናው ላይ ያሉት ሳቃቸውን ተዉ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለች ትሁት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋዋለች፤ ቁጣዋ ግን ዝቅ አላለም፤ እንዲያውም ጠራ። "ጋሽ ሰብስቤ የአባቴን የስኳር በሽታ አያውቁም፣ ቤቴን አያውቁም። አንተስ? በዚያ ወጥ ቤት አንዲት ፍሬ ስኳር አይተህ ታውቃለህ? አባቴ ሻይ እንዴት እንደሚጠጣ አታውቅም? 'ስኳር የሌለው ሻይ አቀረበችልን' ሲሉህ፣ በዚህች ከተማ ካለው ሰው ሁሉ መሳቅ የነበረብህ አንተ ነህ። ለምን አልሳቅህም?"

ዓለምነህ ገመዱን በጣቱ ጠቀለለ፣ ፈታ። "ሳህኑን አነሳሽ አሉኝ።"

"አነሳሁ። ምግቤን ናቁብኝ ብዬ።"

"ሽማግሌ እኮ…"

"አሁን አውቄዋለሁ። ለምን አልሳቅህም ነው የምልህ።"

ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ በአቧራውም ሊሆን ይችላል።

"ስጠብቀው ስለነበረ" አለ። "እምቢታውን። መጥበሻውን ከእጅሽ ከተቀበልኩባት ቀን ጀምሮ ስጠብቀው ነበር። ሲመጣ እንደማውቀው ሰው ነው የተቀበልኩት። እውነት ይሁን አይሁን አልጠየቅሁም።"

ይህ ከስድብ ሁሉ ይበልጥ ጎዳት። እሷ በየጠዋቱ በሩን ስትከፍትለት እሱ የሚባረርበትን ቀን ሲጠብቅ ኖሯል። እሷ ሽቶ ተቀብታ፣ ፀጉሯን ደጋግማ እያሰረች፣ እሱ ግን ልቡ ውስጥ ሻንጣውን ሳይፈታ። ጉንጩን በጥፊ ልትለው ፈለገች። ያንኑ ጉንጭ በሁለት እጇ ልትይዘውም ፈለገች። የቱን እንደምታስቀድም ስላላወቀች ቁልፉን ይበልጥ ጨበጠች።

ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። "ያላ፣ ያላ ያ ሐበሽ።" የቀሩት ዘለው ወጡ። ዓለምነህ አንድ እግሩን ጎማው ላይ አደረገ፤ ሌላው መሬት ላይ ቀረ።

"አትሂድ ብዬ አልለምንህም" አለች ትሁት። "ለስንት ልጅ የበረሃ ስንቅ ጨብጬለታለሁ፤ ደርሻለሁ ብሎ የደወለልኝ ስንቱ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። አንተን ግን እምቢ ብዬ አላሳፈርኩህም። ባልተጠየቅሁት ነገር እምቢ አለች ተብዬ አልቀርም። ጠይቀኝና ሂድ።"

"እዚህ? ሰው መሀል?"

"ሽማግሌ ስትልክ ሰው መሀል አይደለም?"

ሾፌሩ ደግሞ ነፋ። መኪናው ላይ ያለው ሻሽ ለባሽ ሁሉ ወደ ታች ያያል። ዓለምነህ ጥርሱን ነከሰ። ሊሳደብ የተዘጋጀ ሰው ይመስል ነበር።

"ታገቢኛለሽ?"

"አዎ።"

እሷም እንደ ስድብ ነው ያወጣችው። ቃሉ በመካከላቸው ቆመ፤ ሁለቱም ሌላው መጀመሪያ ይንቀሳቀስ ብለው ጠበቁ። ከላይ አንዱ ልጅ ቀስ ብሎ "ውረድ እንግዲህ፣ አንተ ሰውዬ" አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም፤ የራሱን ቤት ያስታወሰ ሰው ድምፅ ነበር። ዓለምነህ እግሩን ከጎማው አወረደ። ያሰረውን ጄሪካን ፈታና ለልጁ አቀበለው። "ላንተ ይሁን" አለው። ልጁ ደረቱ ላይ አቅፎ ያዘው።

መኪናዋ ስትነሳ ትሁት አቧራውን አልጠበቀችም። ፊቷን አዙራ በገበያው መሀል፣ በሽንኩርት ክምሩና በጨርቁ ድንኳን መካከል በፍጥነት መሄድ ጀመረች። የምትለው ብዙ ነበራት። ለዓለምነህ የምትለው፣ ቤት ገብታ ለአባቷ የምትለው፣ ገና ያልነካችው ብዙ ቁጣ። ከኋላዋ እርምጃ ሰማች፤ ረጅም፣ እየተቻኮለ የሚራመድ፣ ሊደርስባት ሲል ደግሞ ፈርቶ ቀረት የሚል።

አልዞረችም። ብትዞር ፊቷ ላይ ያለውን ያየው ነበር፤ እሷ ደግሞ ቁጣዋን ገና አልጨረሰችም።